መጀመሪያ ዳሩን እይ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ጀልባ ነው። «የዋግን ሰውና ጀልባን ምን አገናኛቸው?» የሚል ካለ አልፈርድበትም። አበርገሌ ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለን ፍየሉ ነው፤ በስሙ የተጠራ ዝርያ ያለው አገር ነዋ! ቀጥሎ ማሽላው፣ ግራሩ፣ ሙቀቱ ይመጣል። ጀልባ እዚህ ውስጥ የለም። ተከዜ ራሱ ለአያቶቻችን የሚሻገሩት እንጂ የሚሳፈሩበት ውሃ አልነበረም። ከላስታ ተራሮች ይነሳና ገደሉን እየሰረሰረ ይወርዳል። በበጋ ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው በእግር ይሻገሩታል፤ በክረምት ከማዶ ዘመድ ቢሞት ግን ለቅሶ የሚደረሰው ውሃው ሲጎድል ነው። አዞ አለበት፣ ጉማሬ አለበት፣ ወባ አለበት። እንዲህ ካለ ወንዝ ሰው ወደ ደጋው ይሸሻል እንጂ ዳሩ ላይ ቤት አይሠራም።

ኋላ ግድቡ መጣ። ኅዳር 2002 ዓ.ም. ተመረቀ። ቁመቱ 188 ሜትር ነው፤ በዚያን ጊዜ በአፍሪካ ከእርሱ የሚረዝም ቅስት ግድብ አልነበረም። እስከዚያ ድረስ ማዕረጉን ይዞ የቆየው 185 ሜትር የሚረዝመው የሌሶቶ ካትሴ ግድብ ነበር። ቻይናዎች ናቸው የገነቡት፤ አራቱ ተርባይኖች በድምሩ 300 ሜጋ ዋት ያመነጫሉ። የመብራቱን ነገር ለመሐንዲሶቹ እንተወው። እኔን የገረመኝ ከግድቡ ጀርባ የሆነው ነው። ከ9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ የሚይዝ ገደል ሞላ። ውሃው ወደ ኋላ እየተኛ፣ እየተኛ፣ አበርገሌ ደጃፍ ገባ፣ ዝቋላ ገባ፣ ሳህላ ገባ። የዋግ ሰው ባሕር ፍለጋ አልወጣም፤ ባሕሩ ራሱ ቆላውን ወጥቶ መጣ።

አሁን ወደ ልጁ እንምጣ። ስሙን አልጠራላችሁም፤ የትረካዬ ልጅ ነው፣ አጎቱንም ጓደኞቹንም እኔ ነኝ የፈጠርኳቸው። ውሃው፣ ግድቡ፣ ዓሣውና የብረቱ ክብደት ግን የእኔ ፈጠራ አይደሉም።

ልጁ ከኒየረ አቁ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ ነው እንበል። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ እንደ ብዙው የአበርገሌ ሰው ሰቆጣ ተፈናቅሎ ቆየ። ተመልሶ እርፍ ቢጨብጥ፣ የ2015 ዓ.ም. ክረምት ዝናብ ነፈገው። ማሽላው አገዳው ላይ ደረቀ፣ ፍየሎቹ ከሱ፣ ሰው እንደገና እጁን ለእርዳታ ዘረጋ። ያን ሰሞን ልጁ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጦ ወደ ታች ሲያይ አንድ ነገር አስተዋለ፤ በቀበሌው ሁሉም ነገር ሲደርቅ ያልደረቀ የግድቡ ውሃ ብቻ ነው። ውስጡም ዓሣ አለ። ቆሮሶ አለ፣ አምባዛ አለ፣ ነጭ ዓሣ አለ።

ሦስቱም ተያይዘው ወደ ልጁ አጎት ሄዱ። አጎቱ ዕድሜውን ሙሉ ፍየል ወደ ሰቆጣ ሲነዳ የኖረ ነጋዴ ነው። ገንዘብ አለው፣ ምላስም አለው።

«አጎቴ፣ ጀልባ ልንገዛ አስበናል። ካልደገፉን አንችለውም።»

«ምን ዓይነት ጀልባ?»

«ሞተር ያለው!» አለ አንደኛው ጓደኛ ቀደም ብሎ።

«ስለ ሞተር ማን ጠየቀህ? ማታ ማታ የት ታቆሙታላችሁ?»

ሦስቱም ተያዩ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ይመጣል ብለው አልጠበቁም። የሞተሩን የፈረስ ጉልበት ያውቃሉ፣ የጀልባውን ቀለም ሳይቀር መርጠዋል። የት እንደሚያቆሙት ግን አላሰቡም።

እዚህ ላይ ቆም ልበልና ላስረዳችሁ፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚህ ነው። ግድብ ሐይቅ አይደለም። ጣናን ውሰዱ። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተንጣሎ የተኛ ነው፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታው ግን ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም። ዳሩ ዝርግ ነው፤ ውሃው በዓመት ውስጥ ከፍ ዝቅ ቢል በሰው ቁመት ልክ ነው። የተከዜው ውሃ ስፋቱ 150 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፣ ግን ገደል ውስጥ የቆመ ውሃ ነው፤ ግድቡ ሥር ጥልቀቱ ከመቶ ሜትር ይዘላል። ክረምት ሲገባ ይወጣል፣ ይወጣል፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይሞላል። ከዚያ ተርባይኖቹ መብራት ለማመንጨት ይጠጡታል፤ እስከ ግንቦትና ሰኔ በአሥር ሜትሮች የሚቆጠር ሊወርድ ይችላል። ጥቅምት ላይ ውሃው ጫፍ ካለ ግራር ጋር ያሰራችሁት ጀልባ ሚያዝያ ላይ ከውሃው ጋር ዝምድናው ያበቃል። በመካከላቸው የቋጥኝና የጭቃ ቁልቁለት ይዘረጋል። የጣና ዓሣ አጥማጅ ወደብ አለው፤ የተከዜው ወደቡን በየሳምንቱ ይከተላል።

እናም አጎቱ ውሃ ላይ ሳይወጣ፣ ዕድሜ ልኩን ቁልቁለት በወረደ እግሩ አስቦ፣ የመጀመሪያውን ሕግ ደነገገ፦ «እናንተ ሦስታችሁ ያለ ሌላ ሰው እርዳታ ጎትታችሁ ልታወጡትና ልታወርዱት የማትችሉት ጀልባ በእኔ ገንዘብ አይገዛም።»

ታዲያ ከምን የተሠራ ይሁን?

ከጓደኞቹ አንዱ ባሕር ዳር ሄዶ ያውቃልና ታንኳ አለ። ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ አንድ ሰው ተሸክሞት ይሄዳል። ታንኳን የምንቅ አይምሰላችሁ፤ የሚታሰርበት ደንገል ብዙ ታሪክ ተሸክሟል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1858 ዓ.ም. ጣና ዳር፣ ሆርሙዝድ ራሳም የተባለው የእንግሊዝ መልእክተኛ እያየ፣ ደንገል አስከምረው ትልልቅ ታንኳ አሠሩ። በግራና በቀኝ በእጅ የሚዞር መንኮራኩር አስገጠሙበት። የፈረንጅን የእንፋሎት መርከብ ያለ እንፋሎት ሊሠሩት ማለት ነው! ያሰቡት አልሰመረላቸውም፤ ሐሳቡ ግን የሳቸው መሆኑ ያስታውቃል። መቶ ዓመት ቆይቶ ደግሞ በ1961 ዓ.ም. ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል የጣናን ደንገል አሳጭዶ ግብፅ ድረስ አስጫነ። ፒራሚዶቹ አጠገብ የቻድ ሐይቅ ጠቢባን «ራ» የተባለችውን ጀልባ ሠሩለት፤ ከሞሮኮ ተነስታ አትላንቲክን ያዘች። ብዙውን መንገድ ሄደችና ካሪቢያን ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ጅራቷ ውሃ ጠጥቶ ረግቦ በባሕር ላይ ተተወች።

ውሃ መጠጣት ነው የታንኳ በሽታ። የጣና ዳር ወይጦዎች ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ሥራ ሲያበቃ አውጥተው ያደርቁታል፣ ያም ሆኖ ከጥቂት ወራት በላይ አያገለግልምና ሌላ ያስራሉ። ሌላ ለማሰር ደግሞ ደንገል በደጅ መኖር አለበት። ደንገል እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ የሚኖር ተክል ነው፤ ዳሩ በየወሩ በሚሸሽ ግድብ ላይ የት ይበቅላል? ስለዚህ ታንኳ ቀረ።

ሳንቃስ? የዝዋይ አጥማጆች በሳንቃ ጀልባ ይሠራሉ፣ መልካም ነው። አበርገሌ ላይ ግን ሁለት እንቅፋት አለ። እንጨት የለም፤ ከሩቅ የመጣም እንጨት ቢሆን በዚያ ሙቀት ጀልባው ጥቂት ቀን ከውሃ ወጥቶ ሲቆይ ሳንቃው ይኮማተርና መጋጠሚያው ይከፈታል። ውሃ ላይ ሲመለስ እንደገና አብጦ እስኪገጥም ድረስ ሲቀዱ መዋል ነው።

ብረት ቀረ። ይኸኛው ወጣቶቹን ሁሉ የማረከ ነው፤ ባለ ብየዳ የትም አለ፣ ላሜራ ይገዛል፣ በጥቂት ቀን ጀልባ ይወጣል። አጎቱ ስሌት ይወዳል። ሁለት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ አንድ ካሬ ሜትሩ 15.7 ኪሎ ይመዝናል። አምስት ሜትር ርዝመት፣ ሜትር ተኩል ስፋት ላለው ጀልባ 12 ካሬ ገደማ ይፈጃል። ወደ 190 ኪሎ መጣ! የጎድን አጥንቱ፣ መቀመጫው፣ ጫፉ ሲጨመር 200 ያልፋል። ሦስት ልጆች ይህን በቋጥኝ ላይ ሽቅብ ሊጎትቱ? ሌላም አለ፤ ብረት ጀልባ ውሃ ከገባበት ቀጥ ብሎ ይሰምጣል። እንጨት ተገልብጦም ይንሳፈፋል፣ ሰው ሙጭጭ ብሎ ይይዘዋል፤ ብረት ግን ባለቤቱን ትቶ ይወርዳል። መፍትሔ የለውም አልልም። ክዳኑ በደንብ የታሸገ ባለ 20 ሊትር ባዶ ጀሪካን ውሃ ውስጥ ወደ 19 ኪሎ ያነሳል። መቀመጫው ሥር 9 ጀሪካን ጠፍራችሁ ብታስሩ ላሜራውን ብቻ ያቆማሉ፤ ለአጥንቱና ለሞተሩ ደግሞ ሦስት አራት መጨመር ነው። ብረት የምትገዙ ካላችሁ ይህን ሳታደርጉ እንዳትገቡ። አጎቱ ግን የክብደቱን ነገር ስላሰላ ከብረቱ ጋር ተለያየ።

እንግዲህ የቀረው ፋይበር ግላስ ነው። ቀላል ነው፣ አይዝግም፣ ቢሰነጠቅ በጨርቁና በማጣበቂያው ይጠገናል። ጠላቱ ድንጋይ ነው፤ በቋጥኝ ላይ በተጎተተ ቁጥር ሆዱ ይፋቃል። ስለዚህ ሥሩ ላይ የብረት ወይም የጠንካራ እንጨት ማስጎተቻ ይገጠምለታል፣ በየቁልቁለቱም ክብ ክብ ግንድ ይነጠፍለታል። አዲሱ ውድ ነው። ያገለገለ ይፈለግ ተባለና አጎትና ልጅ ባሕር ዳር ወረዱ።

እንዴት እንደመረጡት ልንገራችሁ፤ ይህን ክፍል እወደዋለሁ።

አጎቱ ስለ ጀልባ አንድም ነገር አያውቅም። ሻጭን ግን ያውቃል። ፍየል ሲገዛ ጸጉሩን ሳይሆን ጥርሱን ገልጦ እንደሚያየው ሁሉ፣ ጀልባውንም ቀለሙ የሸፈነውን ከመፈለግ ጀመረ። «ይህ ቀለም መቼ ተቀባ?» አለ። ባለ ጀልባው «ለማማር ነው» አለ። «ለማማር ከሆነ ለምን ሆዱን ብቻ ቀባኸው?» ሰውየው ዝም። አጎቱ ጎንበስ አለና በጣቱ አንጓ ጎኑን ኳ፣ ኳ፣ ኳ እያደረገ ከፊት ወደ ኋላ ሄደ። ደህናው ቦታ ጠንካራ ድምፅ ይሰጣል። አንድ ቦታ ላይ ግን ድምፁ ደነዘዘ፤ ንብርብሩ ከውስጥ ተላቋል ማለት ነው። ወደ ኋላው ዞረ። ሞተር የሚታሰርበት ጀርባ ውስጡ እንጨት ነው፣ ላዩ በፋይበር የተሸፈነ። የቡሎን ቀዳዳው ዙሪያ በቢላ ጫፍ ቢነካው ጥቁር ውሃ ወጣ። እንጨቱ በስብሷል። የሚንቀጠቀጥ ሞተር እዚያ ላይ ቢታሰር አንድ ቀን ጀርባውን ይዞ ይሄዳል።

«ሌላ አሳየኝ» አለ።

ሁለተኛው ጀልባ አስቀያሚ ነበር። ቀለሙ ተልጧል፣ ጎኑ ሁለት ቦታ ተጠግኗል፣ ጥገናው ግን በግልጽ ይታያል፣ የሸፈነው የለም። አጎቱ መሬት ላይ እንዳለ ውስጡን በባልዲ ውሃ እንዲሞሉት አዘዘ። ይሄኔ ልጁ አፈረ፣ ሰዉ ሁሉ ያያል። ውሃው ከውስጥ ሞልቶ ከውጭ የሚንጠባጠብ ካለ ቀዳዳው ያኔውኑ ይገኛል፤ ባሕር መሀል ገብቶ ከመፈለግ ይሻላል። አንድ የመገጣጠሚያ ሚስማር ሥር ላብ ብቅ አለ፤ ሌላው ደረቅ ሆኖ ቆየ። አጎቱ የሚስማሯን ዋጋ አስቀንሶ ገዛ። በአይሱዙ ጭነው በጋሸና አድርገው ወደ ሰቆጣ፣ ከሰቆጣ ወደ ቆላው። መንገዱን አልተርክላችሁም፤ የሄደበት ያውቀዋል።

አሁን ዕቃው።

ልጆቹ መጀመሪያ ያሉት አሁንም ሞተር ነው። አጎቱ መጀመሪያ ያለው መቅዘፊያ ነው፤ ያውም ሁለት ሳይሆን ሦስት፣ አንዱ መጠባበቂያ። ሞተር አልጠላም። ባለ 15 የፈረስ ጉልበት ሁለት ምት ሞተር ክብደቱ 36 ኪሎ ገደማ ነው፤ ማታ ማታ አውልቆ በትከሻ ተሸክሞ ቤት ማስገባት ይቻላል፣ ማስገባትም ግድ ነው። ግን አንድ የሚረሳ ነገር አለ፤ ሞተር የሚተነፍሰው አየር ነው። ግድቡ ከባሕር ጠለል በላይ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ 15 የተባለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን አየሩ ራሱ ይቀንስበታል። ጣና ላይማ ከዚህም ይብሳል። ቤንዚኑስ? ከተማ እንኳ በሰልፍ የሚገኝ ነገር ቆላ ሲደርስ ዋጋው ሌላ ነው። ዘይቱን ሳይቀላቅል የሞላ ደግሞ ሞተሩን በአንድ ቀን ይቀብረዋል። ካንዴላ መለዋወጫ፣ ካንዴላ መፍቻ፣ የማስነሻ ገመድ በላስቲክ ተጠቅልሎ ጀልባው ውስጥ ካልኖረ፣ ሞተር የሚባለው 36 ኪሎ ድንጋይ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት በመቅዘፊያ ይሥሩ ተባለ። በመቅዘፊያ የማይደረስበት ቦታ ለጊዜው አይደረስበት። ገደል ውስጥ ከሰዓት በኋላ ነፋስ መነሳቱ አይቀርምና፣ በክንዱ የሚቀዝፍ ሰው ርቆ ሳይሄድ መመለሱን ይለምዳል። ፍርሃት አይደለም፣ ልክን ማወቅ ነው።

ቀጥሎ መረብ። እዚህ ላይ የጣናን ታሪክ ሳልነግራችሁ አላልፍም። በ1986 እ.ኤ.አ. ኡርክ ከምትባል የሆላንድ የዓሣ አጥማጆች ከተማ የተነሱ የቤተ ክርስቲያን ረጂዎች ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ይዘው ጣና መጡ። ሐሳባቸው ቅን ነበር፤ በታንኳ ዳር ዳሩን ይሠራ የነበረው አጥማጅ ከመሀል ሐይቅ ማጥመድ ጀመረ፣ ዓሣውም ባሕር ዳር ገበያ ላይ በዛ። ጣና ውስጥ በዓለም ላይ ሌላ የትም የማይገኙ ወደ 15 የሚጠጉ የነጭ ዓሣ ዓይነቶች አሉ። ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ሊራቡ ወደ ወንዝ አፍ ይሰበሰባሉ። የተሰበሰበ ዓሣ ለመረብ ምቹ ነው። እዚያው አፉ ላይ መረብ ተዘረጋ። አሥር ዓመት ገደማ ውስጥ፣ ተመራማሪዎች ሲቆጥሩ፣ የትልልቆቹ ነጭ ዓሣዎች ብዛት በሦስት አራተኛ ገደማ ወርዶ ተገኘ። ጀልባው አልነበረም ጥፋተኛው። መረቡ የተጣለበት ቦታና ወር ነው።

ስለዚህ አጎቱ መረብ ሻጩን ሁለት ነገር ጠየቀ፤ ዓይኑን እና ክሩን። የመረብ ዓይን የሚለካው ተወጥሮ ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ ነው። ጠባብ ዓይን ብዙ ይይዛል፤ የሚይዘው ግን ገና ያልወለደውን ቆሮሶ ነው። ልጆቹ ጠባቡን ወደዱ፤ ርካሽም ነው፣ ሞልቶም ይወጣል። አጎቱ «ግልገል ፍየል ገበያ አውጥቼ አውቃለሁ?» ሲል ክርክሩ አበቃ። ሁለተኛው ጉዳይ ክሩ ነው። ሞኖፊላመንት የሚሉት አንድ ወጥ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ክር አለ። ዓሣው አያየውም፣ አጥማጁም ይወደዋል። ሲቀደድ ግን አይጠገንም፣ ይጣላል፤ ውሃ ውስጥ የተጣለው ደግሞ ባለቤት ሳይኖረው ለብዙ ዘመን ማጥመዱን ይቀጥላል። ግድብ ውስጥ ይህ ይብሳል፤ ወንዙ ሳይሞላ የነበሩት ዛፎች ከነቅርንጫፋቸው ሥር ቆመዋልና መረብ ይነክሳሉ። የተገመደ የናይለን ክር መረብ ተገዛ፤ ከርሱ ጋር መርፌና ክር። መስፋት ያልቻለ መረብ አይጥልም ተባለ።

ተንሳፋፊው ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ተቆረጠ፣ ማስመጫው ከወንዝ ጠጠር ተቀዳዶ ታሰረ። ይህኛው በገንዘብ አይገዛም። ከገንዘብ ጋር የተያያዘው ሌላ ነው፤ የሕይወት አድን ጃኬት። ሦስት ሰው፣ ሦስት ጃኬት፣ ደረጃውን የጠበቀ። ልጆቹ «ይሞቃል» አሉ። ይሞቃል፤ አበርገሌ ምን የማይሞቅ ነገር አለ? ጃኬቱ መቀመጫ ሆኖ ሥር ከተነጠፈ የለም እንደማለት ነው። ጀልባው ሲገለበጥ ፈልጎ የሚለብሰው የለም። አንድ የፕላስቲክ ጆግ መቅጃ፣ አንድ መልህቅ፣ ሠላሳ ሜትር ገመድ፣ ፊሽካና ባትሪ። ገመዱ ሲገዛ ልጁ «ለምን ይህን ያህል?» አለ። ገደል ውስጥ በተኛ ውሃ አሥር ሜትር ገመድ መልህቁን መሬት አያስነካም፤ ሠላሳውም ቢሆን የሚሠራው ዳር ዳሩን ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ከጀልባው የሚበልጠው። ጨው።

ያልገባችሁ ካላችሁ ልድገመው፤ ለመጀመሪያ ጀልባችሁ የምትገዙት ዋና ዕቃ ጨው ነው። ማታ የተጣለ መረብ ጎሕ ሲቀድ ይወጣል። በቆላ ሙቀት ሌሊቱን የሞተ ዓሣ ጧት ላይ ግማሽ መንገድ ሄዷል። በረዶ የለም፤ ኖሮም ሰቆጣ እስኪደርስ ውሃ ይሆናል። ሆዱ ወዲያው ካልተቀደደ፣ ካልታጠበ፣ ካልተከተፈና ካልተጨወ፣ በፀሐይም ካልተዘለዘለ ነጋዴ አፍንጫውን ይዞ ያልፈዋል። የጣና አጥማጆች ቋንጣውን በመተማ በኩል ለሱዳን ገበያ ሲሸጡ የኖሩት ለዚህ ነው። ዘልዝሎ ማድረቅ የዋግ ሴት ከአያቶቿ የወረሰችው ሙያ ነው፣ ሥጋው ተቀየረ እንጂ። ልጁ ለእናቱ «እትዬ ያግዙኝ» ብሎ ባይጠይቅ፣ ጀልባውም መረቡም ለጥንብ አንሳ የተደገሰ ድግስ ይሆን ነበር። ስለ ገበያው ደግሞ፣ በዐቢይ ጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ትቼ የማውቀውን ልናገር፤ በየከተማው የዓሣ ገበያ የሚደራው በጾም ወራት ነው።

ፈቃድም አለ። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 ለገበያ የሚያጠምድ ፈቃድ እንዲያወጣ ያዛል። ልጁ ወረዳ ግብርና ሁለቴ ተመላለሰና አወጣ። በዚህ የሚጨመር ወሬ የለኝም።

አጎቱ አንድ ነገር ግን አጥብቆ ነገራቸው፤ «መጀመሪያው ዓመት ብዙ ብታገኙ ሁለተኛ ጀልባ እንዳትገዙ።» ከየት እንዳወቀው አላውቅም፣ ግን ትክክል ነው። አዲስ ግድብ ሲሞላ የሰመጠው ሣርና ቅጠል በስብሶ ውሃውን ያጠግበዋል፣ ዓሣው ይበዛል፤ ከዚያ ይረጋና ይቀንሳል። ከአስዋን ግድብ ጀርባ ያለው የናስር ሐይቅ በ1981 እ.ኤ.አ. ከ34 ሺህ ቶን በላይ ዓሣ ወጣበት፤ ከዚያ ወዲህ ያንን ያህል ማውጣት ጭንቅ ሆነ። በደጉ ጊዜ ልክ ብዙ ጀልባ የገዛ አገር በክፉው ጊዜ የሚያሰማራው ያጣል።

ድርሻውም ተነጋገሩ። ገቢው አምስት ቦታ ይከፈላል፤ ሦስቱ ለሦስቱ ልጆች፣ አንዱ ለጀልባው፣ አንዱ ለመረቡ። የጀልባውና የመረቡ ድርሻ የአጎቱ ዕዳ እስኪያልቅ ለእርሱ፣ ከዚያ በኋላ ለጥገናና ለአዲስ መረብ ይቀመጣል። የጀልባን ድርሻ የበላ ሰው ጀልባውን ቁራሽ በቁራሽ እንደበላው ይቆጠር ተባለ።

ሁሉ ነገር ተሟላ። ጀልባው ውሃው ጫፍ ላይ ነው። ያኔ አጎቱ በመጨረሻ የጠየቀው መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ነበር።

«ከሦስታችሁ ዋና የሚችለው ማነው?»

አንዱ ብቻ እጁን አነሳ፤ ባሕር ዳር ሄዶ የነበረው። የደጋና የቆላ ልጅ ከየት ተምሮ ይችላል? አጎቱ መረቡን ጠቅልሎ ትከሻው ላይ አደረገና ሽቅብ መንገድ ጀመረ።

«አጎቴ፣ ጃኬት አለን እኮ!»

«ጃኬቱ ሰው እስኪደርስላችሁ ነው የሚያቆያችሁ። ዋና ስትችሉ መረቡን ትወስዳላችሁ።»

ግድቡ ውስጥ አዞ አለና እዚያ መማር አይሆንም። ራቅ ብሎ ከደረት የማያልፍ የጅረት ኩሬ አገኙ። ዋናተኛው አስተማሪ ሆነ። የትረካዬ ልጅ መጀመሪያ እንደ ድንጋይ ወረደ፣ ኋላ ግን እየተንቦጫረቀም ቢሆን ከዳር ዳር መሻገር ቻለ። ሦስተኛው ውሃው ጉልበቱን ባለፈ ቁጥር እየጮኸ ይወጣል። ለመኑት፣ ሳቁበት፣ ተቆጡት፤ እምቢ አለ። በመጨረሻ አጎቱ ጠራውና ከጀልባው አወጣው። ጨውና ጆንያ ሰጠው፣ ከሰቆጣ ነጋዴዎች ጋር አስተዋወቀው፣ በሳምንት ሁለት ቀን ቋንጣ ይዞ እንዲወጣ አደረገው።

ሁለቱ ቀዛፊዎች አኮረፉ። ሌሊት ብርድ ላይ መረብ የሚስቡት እነርሱ፣ መኪና ላይ ተቀምጦ የሚሄደው እርሱ!

«አጎቴ፣ ታዲያ እርሱም ከእኛ እኩል ሊካፈል ነው?»

«ዓሣው ሳይሸት ሰቆጣ ካደረሰ፣ እኩል» አለ አጎቱ።